ስለ ሐራጅ ዕቃ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጨረታ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ከሰዓት እዚሁ በግልጽ ልመልስ። ያገለገለ የቤት ዕቃ በሐራጅ ገዝቼ፣ አድሼ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ፣ አዲስ ዘመንን በሳንቲም ተከራይቼ የጨረታውን ገጽ ስገለብጥ ነው የጀመርኩት። ሱቄ ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ መርካቶ ዞርኩ። ጠበቃ አይደለሁም። የማውቀው ዕቃና እንጨት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሄዳችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ እንዳትጫረቱ። ማስታወቂያው ላይ «ባሉበት ሁኔታ» የሚል ቃል አለ። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የወንበሩ እግር ተሰብሮ ብታገኙት የሚሰማችሁ የለም ማለት ነው።

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ ሐራጅና ጨረታ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ሰው አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል እንጂ አይደሉም። ሐራጅ ፊት ለፊት ነው። አጫራቹ መነሻውን ይጠራል፣ ተጫራቹ እየጨመረ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ይወስዳል። በታሸገ ኤንቬሎፕ ሲሆን ግን አንዴ ጽፈሽ ከሳጥን ትከቺያለሽ፣ አለቀ። ጎረቤትሽ ስንት እንደጻፈ አታውቂም። ስለዚህ በሐራጅ ከቤት ስትወጪ ጣሪያሽን ቆርጠሽ ውጪ፤ ሙቀቱ ውስጥ ገብቶ ያልተቃጠለ የለም። በኤንቬሎፕ ደግሞ ብታሸንፊበትም ብትሸነፊበትም የማይቆጭሽን ቁጥር ጻፊ።

የሜክሲኮው፦ ሲፒኦ የሚሉት ምንድን ነው? ስንት ነው የሚያዘው?

መልስ፦ ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ ነው። ገንዘብህ ባንኩ ዘንድ ይያዛል፣ አንተ ወረቀቱን ለአጫራቹ ታስይዛለህ። በፍርድ ቤትና በባንክ ሐራጅ ብዙ ጊዜ የመነሻው ዋጋ 1/4ኛ ይጠየቃል። ሌሎች ያነሰ ይጠይቃሉ፣ ማስታወቂያውን አንብብ። ከተሸነፍክ ይመለስልሃል። አሸንፈህ በተሰጠህ ቀን፣ ባብዛኛው በ15 ቀን ውስጥ፣ ቀሪውን ካልከፈልክ ያስያዝከው ይቀራል። ሲፒኦው ላይ የተጻፈው የመሥሪያ ቤት ስም ማስታወቂያው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። በአንድ ቃል ምክንያት በር ላይ ሲመለሱ ያየኋቸውን ሰዎች ብዛት አልነግርህም።

የቄራው፦ ጨረታ ያዋጣል ወይ?

መልስ፦ ምን ልትገዛ? ከየት? በስንት? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልመልስም ወንድሜ።

የሰንጋ ተራዋ፦ አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ቢፌ ለጨረታ አውጥቷል። «የዋንዛ» ይላል። በምን አውቃለሁ እውነቱን?

መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! መጀመሪያ ከፊት አትዪው። ፊቱን ማንም ቫርኒሽ ቀብቶ ያሳምረዋል። ዙሪና ጀርባውን እዪ። ጀርባው ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፍ ተደራርቦ የተጣበቀበት ሳንቃ) ከሆነ የዋንዛው ነገር ፊቱ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጥርጣሬሽ ይጀምር። ከዚያ የታችኛውን መሳቢያ ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ ገልብጪው። የመሳቢያን ሆድ ማንም አይቀባውም፤ የእንጨቱ እውነተኛ መልክ ያለው እዚያ ነው። ዋንዛ ቡናማ ሆኖ ቀላ ይላል። ዝግባ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጥድን ደግሞ ገና ሳታዪው በጠረኑ ታውቂዋለሽ። ቺፑድ (በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ከሆነ ጠርዙ ላይ ተፈርፍሮ ይታይሻል፣ እሱን እዚያው ትተሽው ውጪ።

ቀጥሎ የመሳቢያውን ማዕዘን እዪ። በሚስማር ነው የተመታው ወይስ እንጨቱ ጥርስ በጥርስ ገብቶ በኮላ ነው የተያያዘው? ጥርስ በጥርስ የገባው የልጅ ልጅ ያወርሳል። እግሮቹን ከሥር በእጅሽ ዳብሺ፣ ወለል ሲታጠብ ውኃ የጠጣ እግር ይለሰልሳል። የስፒል ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ካየሽ ነጭ ወረቀት ከሥሯ አድርገሽ በጣትሽ አንኳኪ። እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ከወረደ በውስጡ የሚበላው ነገር ገና በሕይወት አለ። ካልወረደ የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል።

ይህን ሁሉ የምደክመው ለምንድን ነው? ዋንዛ እንደ ድሮ አይገኝማ። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 94/1986፣ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቢፌ ሲወጣ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ዛሬ እንደ ልብ የማይገኝ ዛፍ ነው። ሰው ግን እሱን በማገዶ ዋጋ ሸጦ የሚያብረቀርቅ ኤምዲኤፍ (በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ይገዛል፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ያብጥበታል። ያንገበግበኛል።

የአምባሳደሩ፦ ጋሼ ፍሪጅስ? ልብስ ማጠቢያስ?

መልስ፦ ሶኬት ሰክተህ እንድታይ ካልፈቀዱልህ አትጫረት። ከዚህ በላይ አላውቅም።

የልደታው፦ ሲፒኦ በጥሬ ገንዘብ ይተካል?

መልስ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለውን አንብብ።

የመርካቶው፦ ገጠር ያለ የእርሻ መሬት በባንክ ሐራጅ ወጥቶ አየሁ። መሬት ይሸጣል እንዴ?

መልስ፦ አይሸጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ያየኸው ምናልባት ባለሀብት በሊዝ ወይም በኪራይ የያዘው እርሻ ነው። ለሐራጅ የሚወጣው የቀረው የመጠቀም መብትና መሬቱ ላይ ያፈራው ነገር ነው፦ መጋዘኑ፣ የቡና ተክሉ፣ የውኃ ፓምፑ። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324/2016፣ አርሶ አደሩም የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ስለዚህ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ውዝፍ ኪራይ እንዳለበትና እንደሌለበት ወረዳው ድረስ ሄደህ ሳትጠይቅ እንዳትነካው። ሄደህ እይ! አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ቡና ማሳ በፎቶ የሚወስን ሰው አይገባኝም።

የቄራው፦ ከተማ ውስጥ ባንክ ያወጣው ቤትስ? ሰው ካለበት?

መልስ፦ አዋጅ 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ውዝፍ ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ገዢው ነው። ሰው ካለበት ጠበቃ ያዝ። ስለ ቤት ሌላ አትጠይቁኝ።

የለገሃሯ፦ እኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ። የፍርድ ቤት ሐራጅ ዕቃ የሰው ዕንባ ያለበት ነው። እናቴ በነፃም ቢሰጧት ቤቷ አታስገባም።

የሜክሲኮው፦ ባለዕዳው ተበድሮ ካልከፈለ ገዢው ምን አደረገ? አበዳሪውስ ሰው አይደለም?

የለገሃሯ፦ ሕግ ነው ብለህ የልጆች አልጋ ላይ ትተኛለህ?

የልደታው፦ አልጋ እኮ አይወሰድም፣ ሕጉ ይከለክላል።

የሜክሲኮው፦ ተወሰደ ሲባል ግን ሰምቻለሁ።

የአምባሳደሩ፦ ወገን፣ እኛ ስለ ዕቃ ነው የመጣነው።

መልስ፦ ቆይ፣ ይህን ጉዳይ አላልፈውም። የልደታው ልክ ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ልብስ፣ አልጋና የማብሰያ ዕቃ፣ መተዳደሪያው የሆነውን የሥራ መሣሪያም እንዳይያዝ ይከለክላል። ተያዘብኝ የሚል ሰው ዝም ማለት የለበትም፣ ከሽያጩ በፊት ለፍርድ ቤቱ ያመልክት።

እህቴ የለገሃሯ፣ ስለ ዕንባው ያልሽውን አልንቅም። ግን ዕንባው ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ከሐራጁ የተገኘው ገንዘብ ዕዳውን ከፍሎ የተረፈው ለባለዕዳው ነው የሚመለሰው። ዋጋው ከፍ ካለ ዕዳው ይዘጋል፣ ሰውየውም የሚተርፈው ነገር ይኖራል። ዋጋው ከተሰበረ ግን ዕቃውም ሄዶ ዕዳው እዚያው ይቆያል። ዋጋውን የሚሰብረው ማን ነው? ደጃፍ ላይ ተሰብስበው «ዛሬ አንተ ውሰድ፣ እኛ ዝም እንላለን» የሚባባሉት ነጋዴዎች ናቸው። ኋላ ሻይ ቤት ገብተው ልዩነቱን ይከፋፈሉታል።

በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ለኔም ዝም በል ብለው ገንዘብ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። የወጣው አንድ ቁም ሳጥን ነበር፣ ጥሩ ዋንዛ። አጫራቹ ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ማንም አልጨመረም፣ በመነሻው ሄደ። ሲጭኑት በሩ ተከፈተ። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ ተሰምሯል፣ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ስም አለ። የዕቃው ባለቤት ጥግ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እኒያን ሴት የጎዳቸው ፍርዱ አልነበረም፣ የኛ ዝምታ ነው። እኔ ብቻ እንኳ ብጨምር ለልጆቻቸው የሚተርፍ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የዝምታ ገንዘብ ነክቼ አላውቅም። ስለዚህ ግዙ፣ ግን በንጹሕ ዋጋ ተጫረቱ። ተስማምታችሁ ዋጋ የምትሰብሩ ከሆነ የኔን ምክር አትውሰዱ።

የለገሃሯ፦ እሺ ጋሼ። ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ ግን አሁንም አታስገባም።

መልስ፦ እናትሽን አልከራከርም።

የመርካቶው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሲፒኦ ስንት ነው የሚያዘው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ! አንብቡ እንጂ። ማስታወቂያም የምታነቡት እንዲህ ከሆነ ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል።

የካዛንቺሷ፦ ካሸነፍኩ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሊሰርዝብኝ ይችላል?

መልስ፦ የማስታወቂያው የመጨረሻ መስመር ላይ «በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ይላል። ከተሰረዘ ሲፒኦሽን ወዲያው ጠይቂ። ካሸነፍሽ ደግሞ ዕቃውን በተባለው ቀን አንሺ፤ የመኪናና የወዛደር ዋጋ ከመጫረትሽ በፊት አስቢ። ቢፌ ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት አራት ሰው ይፈልጋል።

የሰንጋ ተራዋ፦ ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ ሄጄ ቢፌውን አየሁት። ጀርባው ሙሉ እንጨት ነው፣ ኮምፔርሳቶ አይደለም! መዝጊያ ቀኑ ነገ ስምንት ሰዓት ነው። ስንት ልጻፍ?

መልስ፦ የታችኛውን መሳቢያ አውጥተሽ ገለበጥሽው?

የሰንጋ ተራዋ፦ ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ጥበቃውም ቸኩሎ ነበር።

መልስ፦ እንግዲያው ቁጥር አልነግርሽም። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተመለሺ፣ ነጭ ወረቀትም ያዢ። የተጣበቀ መሳቢያ ወይ ርጥበት ጠጥቷል ወይ ሐዲዱ ወልቋል። አውጥተሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እናወራለን።