ውሻዬንና ድመቶቼን ለማን ልተዋቸው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ። 34 ዓመት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በግቢያችን የቀረነው እኔ፣ «ማን ያውቃል» የሚባለው የ9 ዓመት ውሻዬና ሁለት ድመቶች ነን። ልጆቼ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ባለፈው ኅዳር ደም ግፊት ጥሎኝ ባሕር ዳር ሆስፒታል 11 ቀን ተኝቼ ነበር። ጎረቤቴ በአጥር ላይ እንጀራ እየወረወረች ውሻውን አቆየችልኝ፤ አንደኛዋ ድመት ግን ጠፍታ ከርማ አጥንቷ ገጥጦ ተመለሰች። ነገሩን ለልጆቼ ሳነሣባቸው ይሥቃሉ። የቀድሞ ተማሪዬ ደግሞ በአሜሪካ አንዲት ሴት ለውሻዋ ሀብቷን እንዳወረሰች አጫውቶኛል። እኔ ይህ ነው የሚባል ሀብት የለኝም፤ ብታመም ወይም ብሞት እንስሳቱ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ በኑዛዜዬ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ተማሪዎ የነገረዎ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ያረፉት የኒው ዮርኳ የሆቴል ባለሀብት ሊዮና ሄልምስሊ ትራብል ለምትባለው ውሻቸው 12 ሚሊዮን ዶላር ትተውላት ነበር፤ በኋላ ዳኛ ወደ 2 ሚሊዮን ዝቅ አድርጎታል። ገንዘቡም ቢሆን ለእንክብካቤዋ እንዲውል በባለአደራ እጅ የሚቀመጥ ነበር እንጂ ውሻዋ ባለገንዘብ አልሆነችም።

በእኛ አገር፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እንስሳ እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚቆጠር በመሆኑ ይወረሳል እንጂ አይወርስም። «ለማን ያውቃል ይህን ያህል ብር ይሰጠው» ብለው ቢጽፉ ገንዘቡን የሚቀበል ሰው በሕግ ፊት የለም። ስለዚህ ውሻውንና ድመቶቹን፣ ከእነርሱም ጋር ለቀለባቸው የሚሆነውን ገንዘብ፣ በስሙ ለሚጠቅሱት አንድ ሰው ይናዘዙለት፤ እንስሳቱ እስኪሞቱ ድረስ እንዲንከባከባቸውም ግዴታ ይጣሉበት። ያ ሰው ቀድሞዎ ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ የሚተካውን ሁለተኛ ሰው አብረው ይጻፉ። ኑዛዜውን በገዛ እጅዎ የሚጽፉት ከሆነ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ የተነገረበት፣ ቀኑና ፊርማዎ ያለበት መሆን ይኖርበታል፤ በ7 ዓመት ውስጥም በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ሰው የሚጽፍልዎ ከሆነ ደግሞ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡና ይህም መፈጸሙ ከነቀኑ በኑዛዜው ላይ መጠቀሱ፣ ሁላችሁም እዚያው መፈረማችሁ ግድ ነው።

ሆኖም እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኑዛዜው አይደለም። ኑዛዜ የሚነበበው ከሠልስት በኋላ፣ አንዳንዴም አርባው ከወጣ በኋላ ነው፤ ውሻ ግን በየቀኑ ይበላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን ባረፉ ጊዜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለና ለቀስተኛ እንዳይናከስ ተብሎ ውሻቸው ከጓሮ ታሰረ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እህል በየመሶቡ ሞልቶ ተርፎ ሳለ፣ እኔን ጨምሮ ያን ውሻ ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ገመዱ አንገቱን ልጦት፣ ውኃ ከቀመሰ ስንት ቀን እንደሆነው ሳይታወቅ ተገኘ። ክፋት አልነበረም፤ ሁሉም ሌላው ሰው ያበላዋል ብሎ ነበር።

ስለዚህ ከዳኛና ከምስክር በፊት እድርዎን ያነጋግሩ። ጥሩምባው በተነፋበት ሰዓት፣ ድንኳኑ ሳይተከል፣ ውሻውን ፈትቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ ለእድሩ ጸሐፊ በጽሑፍ ይስጡ። ቢሥቁም ይሣቁ፤ ውሻው ለቀስተኛ ቢነክስ ባለቤት የሆነው ሰው በሕግ ኀላፊ መሆኑን ሲነግሯቸው በቁም ነገር ያዳምጡዎታል። ከዚሁ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ማድ ቤትዎ በር ላይ ይለጥፉ፤ የእንስሳቱ ስምና ዕድሜ፣ የሚበሉት፣ የተረካቢው ስልክ ይኑርበት።

ለሕመም ጊዜ ብዙ ሰው ውክልና ይበቃል ይላል። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት፣ በሕግ ችሎታውን ሲያጣም፣ በመሠረቱ ይቀራል፤ ይኸውም በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው። ይልቁንም የሁለትና የሦስት ወር ቀለብ የሚሸፍን ገንዘብና የግቢውን ቁልፍ ከአሁኑ ለተረካቢው ይስጡ።

ተረካቢው ማን ይሁን? ልጆችዎን አልመክርም። በግቢ ያረጀን ውሻ ዓባይን አሻግሮ ወደ 300 ኪሎ ሜትር መውሰድ፣ ከዚያም በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ መዝጋት ለእርሱም ለእነርሱም ቅጣት ነው። እንጀራ የወረወረችው ጎረቤትዎ ትሻላለች፤ አስቀድማ ፈቃደኛነቷን አሳይታለች። ከአሁኑ አልፎ አልፎ ውሻው እርሷ ዘንድ ይደር፣ ከእጇም ይብላ። ድመት ከሰው ይልቅ ቤቱን ስለምትለምድ ወደ አሮጌው ቤት ትመለሳለች፤ ስትዛወር ሁለት ሦስት ሳምንት በአንድ ክፍል ተዘግቶባት እዚያው ብትመገብ ይሻላል። ተረካቢዋ ጿሚ ከሆነችም ሳይነጋገሩ አይለፉ፦ ድመት ያለ ሥጋ ወይም ዓሣ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮ ፍትፍት ማሳለፍ አትችልም። ከጣና የሚመጣው ዓሣ ለዚህ ይረዳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለድመትም ለውሻም መርዝ ስለሆኑ የወጥ ፍርፋሪ አይመከርም።

ውሻውን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡትና ወረቀቱን ያስቀምጡ፤ ወረቀት ያለውን ውሻ ለመቀበል ሰው አይፈራም። ማንም የማይቀበለው ሆኖ ከተገኘ ግን፣ ለመናገር ቢከብድም፣ ለመንገድና ለጅብ ከመተው የእንስሳት ሐኪም ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው በጽሑፍ መፍቀድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው። አባታችን ሊያርፉ ሲሉ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት «በቅሎዬን ለጎረቤቴ ስጡልኝ፤ እርሱ ይይዛታል» ብለው ነበር። ወንድሞቼ ሊሸጧት ነው። የአባታችን ቃል በሕግ ይጸናል?

መልስ፦ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የቃል ኑዛዜ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚሰጠው ስጦታ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም። ይህ ልክ ሕጉ በወጣበት ዘመን የተቆረጠ ስለሆነ ዛሬ በቅሎ ቀርቶ ኮርቻዋም ያልፈዋል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ በፍርድ ቤት በቅሎዋን ማስለቀቅ ያዳግተዋል፤ ወራሾቹ ተስማምታችሁ ለመስጠት ግን የሚከለክላችሁ የለም። ቃሉን የሰሙት ሽማግሌዎች ወንድሞችዎን ፊት ለፊት ያነጋግሯቸው፤ ነገሩ እስኪለይ በቅሎዋን ማን እንደሚቀልባት፣ የወጣው ወጪም ከማን እንደሚታሰብ በዚያው ቀን ወስኑ።