ብረቱ ደህና ከሆነ ወገቤን ምን ነካው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። በ17 ዓመቴ ጀርባዬ ተጣሞ (ስኮሊዮሲስ) ጋና ሄጄ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ብረቱ እስከ አራተኛው የወገብ አጥንት ይደርሳል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከብረቱ በታች ያመኛል፤ ማታ ይብሳል፣ ወደ ግራ እግሬም ይወርዳል። ራጅ ተነስቼ «ብረቱ ደህና ነው» ተባልኩ። ታዲያ ምንድን ነው?

መልስ፦ ብረቱ ደህና መሆኑ ጥሩ ነው። እርስዎ የጠየቁት ግን ስለ ወገብዎ ነው።

ብረቱ የተገጠመው አጥንቶቹ ተያይዘው አንድ እስኪሆኑ እንዲይዛቸው ነው። የተያያዘው ክፍል አይታጠፍም። ስለዚህ ጫማ ሲያስሩም ሆነ ከታክሲ ሲወርዱ ጫናው ከሥር በቀሩት ሁለት ዲስኮች (በአጥንቶቹ መካከል ያሉ ለስላሳ ትራሶች) ላይ ያርፋል። የአምስት ሰው ሸክም ለሁለት ሰው እንደ መስጠት ነው። እነዚህ ዲስኮች ያለ ዕድሜያቸው ሊያረጁና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫኑ ይችላሉ። ሳልመረምርዎ እርግጠኛ አልሆንም እንጂ የነገሩኝ ወደዚህ ያመራል።

አንድ ልጠይቅዎ፦ ብዙ ሲቆሙ ወደ ፊት ያዘነብላሉ? ቀጥ ለማለት ጉልበትዎን ማጠፍ ግድ ይልዎታል? ወገብ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ድሮ ሃሪንግተን በሚባለው ቀጥ ያለ ብረት የተሠሩ ብዙ ሰዎች ወገባቸው ሜዳ ሆኖ በዚህ ተቸግረዋል። የእርስዎ አዲስ ዓይነት ቢሆንም መታየት አለበት። ተኝተው የሚነሱት ራጅ ይህን አያሳይም። ቆመው፣ ከአንገት እስከ ዳሌ፣ ከፊትም ከጎንም ይነሱ።

«ብረት ያለበት ሰው ኤምአርአይ አይነሳም» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ቲታኒየም ከሆነ ምስሉ ብዙም አይበላሽም፤ ሌላ ብረት ከሆነ ሊደበዝዝ ስለሚችል ሲቲ ስካን ይታዘዛል። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ፈልገው ይዘው ይሂዱ።

ሕክምናው የሚጀምረው በፊዚዮቴራፒ ነው፤ የሆድ፣ የመቀመጫና የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ዲስኮቹ ያርፋሉ። ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ለወራት ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ወጌሻ ጋ ሄደው ጀርባዎን እንዳያስጠመዝዙ፣ አደራ! ካልተሻለዎት ነርቩ አካባቢ የሚሰጥ መርፌ አለ። ብረቱን እስከ ዳሌ ማስረዘም ከባድ ኦፕራሲዮን ነው፤ የቀረችውን መተጣጠፍም ይወስዳል። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማስበው።

እግርዎ እየሰነፈ ከመጣ፣ በጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎት ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።