ነጠላችሁንና የማርሴይን ሳሙና አስተዋውቁ

የፋሲካ ማግስት ነበር። ነጭ ነጠላዬ ላይ የዶሮ አልጫ ተደፍቶበት፣ ሳሙና ይዤ መታጠቢያው ላይ አጎነበስኩ። ገና አንዴ ፈተግ ሳደርገው የእርዱ ቢጫ ዓይኔ እያየ ደም መሰለ። ነጠላዬን ገደልኩት ብዬ ክው አልኩ።

ሳሙናውን የሰጡኝ ጎረቤቴ፣ በዕድሜ የገፉ ፈረንሳዊት እናት ናቸው። ሮጬ አሳየኋቸው። «ደህና አድርገህ አለቅልቀውና ፀሐይ ላይ ስጣው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ምልክቱም አልነበረም። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ጠባዩ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ያደበዝዘዋል። እናንተም ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ፣ በረኪና ውስጥም አትንከሩት።

ያ ሳሙና በደቡብ ፈረንሳይ ባለችው በማርሴይ ከተማ ስም የሚጠራው የማርሴይ ሳሙና ነው። ጡብ የሚመስል፣ ሽታው ደረቅ ያለ፣ ሲያዩት የማያምር ነገር ነው። እዚህ እኔ በምኖርበት ፈረንሳይ ግን አያቶች እጅም፣ ልብስም፣ ወለልም ያጠቡበታል። ብል እንዳይገባ ቁም ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል። እግሬን ይቆረጥመኛል የሚል ሰው አንሶላው ሥር ከትቶት ሲተኛም ታያላችሁ፤ እሱን እንኳ አልሞከርኩትም።

ወጉ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688፣ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን በወጣ አዋጅ፣ ሳሙና ሠሪው ከወይራ ዘይት በቀር ሌላ ስብ እንዳይቀላቅል ተከለከለ። የቀላቀለ ሳሙናው ይወረስበታል። ዛሬም በጥንቱ መንገድ የሚሠሩት ዘይቱን ከካስቲክ ሶዳ ጋር በትልቅ ጋን ለቀናት ይቀቅሉታል፣ በጨው ውኃ ያጥቡታል፣ አፍስሰው ያደርቁታል፣ ከዚያ ይቆርጡታል።

«የማርሴይ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ግን እንዲህ የተሠራ አይደለም። እኔም መጀመሪያ አገር ቤት ስገባ ለእናቴ የገዛሁላት፣ የቱሪስት ገበያ ላይ የተደረደረውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን፣ ላቬንደር የሚባለውን አበባ የሚሸተውን ነበር። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡ። ዝርዝሩ አጭር መሆን አለበት፦ የተክል ዘይት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ሶዳ። ሽቶና ቀለም ካለበት መልሱት። ጎኑ ላይ 72% የሚል ማኅተም ፈልጉ፤ የዘይቱን መጠን የሚናገር የቆየ ምልክት ነው። አረንጓዴው የወይራ ዘይት አለበት፤ ነጣ ያለው ከኮኮናት ወይም ከፓልም ዘይት የተሠራ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። እድፉን አርጥቡ፣ ሳሙናውን አሹበት፣ ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ እጠቡት። ለሸሚዝ አንገት ወደር የለውም። ጥለቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀለሙ እንዳይለቅ ጫፉን ቀድማችሁ ሞክሩት፣ ውኃውም ቀዝቃዛ ይሁን። ሐርና ሱፍ በዚህ ሳሙና አታጥቡ፣ ይጎዳቸዋል። ለፀጉርም አልመክርም፤ እንደ ፓሪስ ኖራ የበዛበት ውኃ ካላችሁ ፀጉራችሁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፊታቸው የሚደርቅባቸውም ይተዉት።

ጎረቤቴ አንዱን ሲጀምሩ ሌላውን ገዝተው መደርደሪያ ላይ ያደርቃሉ። የደረቀ ቶሎ አያልቅም። ውኃ ውስጥ ተኝቶ ከዋለ ግን ሙክክ ብሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ አኑሩት።

በቀጣዩ ጉዞዬ ለእናቴ አረንጓዴውን፣ ባለ 600 ግራሙን ይዤ ገባሁ። አሽትታ አየችውና ፊቷ ቀዝቀዝ አለ፤ ከፈረንሳይ የመጣ ነገር እንዲህ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። በልጅነቷ ጋቢ በእንዶድ ያጠበች ሰው ናት፣ ስለ ንጣት አትታለልም። ጋቢዋን አጥባ አጥር ላይ ሰጣችውና ዳር ዳሩን እየገለበጠች ለረጅም ጊዜ አየችው። አሁን ስደውልላት ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ያ አረንጓዴው እያለቀ ነው» ትለኛለች።