ቲቢ ታክመሽ ከዳንሽ ፎርሙ ላይ ጻፊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ቲቢ ታክሜ ከዳንኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የግል የጤና ኢንሹራንስ ልገባ ነው፤ ፎርሙ ላይ ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?» ነው ያልሽው። እኔ ዘልዬው ነበር። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እዚህ ጅማ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ሳል ሲጀምረኝ የገለባው ብናኝ ነው ብዬ ሁለት ወር ቆየሁ። አክታዬ ሲመረመር ቲቢ ሆነ። ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ውጬ ዳንኩ። ከዓመት በኋላ ኢንሹራንስ ስገባ «ከዚህ በፊት የሳንባ ሕመም ነበረብዎ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ፎርሙን ያስሞላኝ ሰው «ድነህ የለ እንዴ? የለም በል» አለኝ። የለም አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለለኝ። ያንን ቃል ሰው ፊት መጻፍ አስጨንቆኝ ነበር።

በስምንተኛው ወር ደም የቀላቀለ ሳል ያዘኝና ተኛሁ። ቲቢው አልተመለሰም፤ ሳንባዬ ላይ የተወው ጠባሳ ነው። ራጁ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሙም የድሮውን ሕክምናዬን ካርዴ ላይ ጻፈው። ድርጅቱ ይህንን ሲያይ አልከፍልም አለ። ውሉም ፈረሰ፣ አረቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የከፈልኩት ገንዘብ፣ ቀረ። ስከራከር የ1952ቱን የንግድ ሕግ አሳዩኝ፦ መድን ገቢው፣ ማለትም ኢንሹራንስ የሚገባው ሰው፣ የሚያውቀውን መናገር አለበት፣ ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ አይጸናም። የሆስፒታሉን ሂሳብ ወንድሜ ተበድሮ ከፈለልኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ድርጅት ስሄድ ሁሉንም ጻፍኩ። አዲስ ራጅና የሐኪም ደብዳቤ ጠየቁኝ። የሳንባ ሕመም ለአንድ ዓመት አይሸፈንም ብለው ተቀበሉኝ። ቅር ቢለኝም ፈረምኩ፤ የማይከፍሉትን አስቀድሜ አውቄያለሁና። ሌላ ድርጅት ደግሞ አረቦን ሊጨምርብሽ ወይም ጭራሽ እምቢ ሊልሽ ይችላል። ስለ ነባር ሕመም፣ ማለትም ከውሉ በፊት ስለነበረብሽ ሕመም፣ የሚለውን አንቀጽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

አሁን ከታከምሽበት ጤና ጣቢያ ወረቀትሽን አውጪ። መዝገቡ ላይ «ድናለች» እና «ሕክምናዋን ጨርሳለች» አንድ አይደሉም። «ድናለች» የሚባለው መጨረሻ ላይ አክታሽ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ነው። የትኛው እንደተጻፈልሽ እዪ። አዲስ ምርመራ ካዘዙልሽ ደግሞ ታክመሽ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሪው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ መሣሪያ የሞተውን ባክቴሪያ ዘረመል እንኳ አግኝቶ «ቲቢ አለ» ሊል ይችላል። በዚህ የደነገጠ ሰው አውቃለሁ።

መሥሪያ ቤትሽ ለሠራተኛው በቡድን የሚገባው ኢንሹራንስ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱን ሰው የሕመም ታሪክ አያጠብቁበትም። ደመወዝተኛ ካልሆንሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የኛው ዞን ሊሙ ኮሳ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚመዘገበው፤ ታመሽ ነበር ብሎ የሚመልስሽ የለም። ቲቢው ራሱ ቢመለስ እንኳ፣ አያድርገውና፣ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

ካርድሽ ጠፍቶብሽ ከሆነ ሕክምና የጀመርሽበትን ወርና ዓመት ይዘሽ ቲቢ ክፍል ሂጂ። እኔም የራሴን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።