አርትራይትስ ያለባት ልጄ ትከተብ ወይስ ይቅርባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ6 አመት ልጄ አርትራይትስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) አለባት፣ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እያበጠ ሲያሰቃያት ከርሞ አሁን በሳምንት አንዴ በምትወስደው ሜቶትሬክሴት (የሰውነት መከላከያን ቀነስ በሚያደርግ መድሃኒት) በጣም ተሽሏታል። የኩፍኙ ሁለተኛ ዶዝ (ከጆሮ ደግፍ ጋር የሚሰጠው) አምልጧት ነበርና ላስከትባት ስል አክስቷ ክትባት በሽታውን ይቀሰቅስባታል እንዳታስነኪያት ብላ አስደነገጠችኝ። ታናሽ ወንድሟም የ2 ወር ህፃን ነው፣ እሱስ ይከተብ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ይሄን የማይጠይቅ ወላጅ የለም። የአክስቷ ስጋት ከልጅቷ ፍቅር የመጣ ነው ግን ልክ አይደለም። ሆላንድ ውስጥ አርትራይትስ ባለባቸው 137 ልጆች ላይ ተሰርቶ በ2013 የወጣ ጥናት አለ፣ አንቺ ያልሺውን ክትባት ድጋሚ ዶዝ ለከፊሎቹ ሰጥተው ለሌሎቹ ሳይሰጡ ሲከታተሏቸው በበሽታው በኩል ልዩነት አልታየም፣ ሜቶትሬክሴት የሚወስዱም ነበሩበት። እንደውም እኔን የሚያስፈራኝ ኩፍኙ ነው፣ የሰውነት መከላከያው በመድሃኒት የተዳከመ ልጅ ላይ ኩፍኝ ሲመጣ ቀልድ የለውም።

ዋናው ነገር ክትባት ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። የቴታነስ፣ የፍሉ፣ የሳንባ ምች፣ የማህፀን በር ካንሰር ክትባቶች በመርፌ ሲሰጡ ህያው ጀርም የለባቸውም ስለዚህ መድሃኒቱን እየወሰደችም ትወጋቸዋለች፣ ምናልባት ሰውነቷ የሚያመርተው መከላከያ ትንሽ ቢያንስ ነው እንጂ በሽታ አያመጡባትም። የኩፍኝ፣ የጉድፍና የቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ግን ተዳክሞ የተሰራ ህያው ጀርም ነው ያላቸው፣ ጥንቃቄ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2021 ባደሱት ምክር ሜቶትሬክሴት ላይ ላለ ልጅ የኩፍኙ ድጋሚ ዶዝ ሊሰጥ ይችላል ይላሉ፣ የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ማህበር) የ2022 መመሪያ ደግሞ ጠንቀቅ ብሎ ህያዎቹን ማቆየት ይሻላል ይላል። ስለዚህ ውሳኔው የሚከታተላት ሐኪም ነው፣ የመድሃኒቱን መጠን፣ በሽታው ተረጋግቶ እንደሆነና አካባቢው ላይ ኩፍኝ መኖር አለመኖሩን አይቶ ይወስናል። ባዮሎጂክ የሚባሉትን መርፌዎች (የሰውነት መከላከያን ክፍል ለይተው የሚያግዱ መድሃኒቶች) ወይ ከፍተኛ ዶዝ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ መድሃኒት) ብትወስድ ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር፣ ያኔ ህያው ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። ከባዮሎጂኮቹ አንዱ የሆነውን ሪቱክሲማብ የሚወስዱት ደግሞ ህያው ያልሆነውም ቢሆን ቀኑ ከመድሃኒቱ ዙር ጋር መገጣጠም አለበት፣ ካልሆነ ሰውነት መከላከያውን በደንብ አይሰራም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ለክትባት ብለሽ ሜቶትሬክሴቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ የሚቀሰቅስባት ክትባቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ከተከተበች በኋላ ሁለት ቀን ቢያተኩሳት ወይ ክንዷን ቢያማት የተለመደ ነው፣ መገጣጠሚያዋ አብጦ ከሰነበተ ግን ለሐኪሟ ደውዪ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂም የምትወስደውን መድሃኒት ስምና መጠን በወረቀት ያዢ፣ ነርሷ ላታውቀው ትችላለች።

ታናሽየው ይከተብ እንጂ! እሱ ሲጠበቅ እሷም ትጠበቃለች። የሚለየው የፖሊዮ ጠብታ ብቻ ነው፣ ህያው ቫይረሱ በሰገራ ስለሚወጣ እሷ እንዲህ ያለ መድሃኒት ላይ እያለች ለህፃኑ በመርፌ የሚሰጠውን ጠይቂለት፣ ጠብታውን ቀድሞ ወስዶ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ዳይፐሩን እሷ እንዳትነካው፣ አንቺም ከቀየርሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።