በሙቀት ወቅት ወንዝ ዳር ያለችን ከተማ በአንድ ቀን ለማየት

የጀልባውን ሽርሽር ወደ ማምሻው አዙሪው። አሮጌውን ሰፈርና ድልድዩን በማለዳ በእግር፣ ሙዚየሙን ከምሳ በኋላ። «ሦስቱን በአንድ ቀን እንዴት ላዳርስ፣ ልጆቹ በሙቀት አለቁብኝ» ላልሽው መላው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው እኩለ ቀንን ብቻ ይፈራል። ሙቀቱ ግን የሚብሰው ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ አስፋልቱም ድንጋዩም ግሎ ይጠብቅሻል። ያኔ ጣራ ስር መሆን ነው። ሙዚየሙ ክፍት መሆኑን ቀድመሽ አጣሪ፤ ሰኞ የሚዘጉ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ግን፦ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ ከተሳፈራችሁ፣ ጀልባ ላይ ነፋሱ ያታልላል። ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም፣ ውሃውም ጨረሩን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። እኔ ጥላ ያለው ወንበር ካላገኘሁ አልሳፈርም። የልጆቹን ማጅራትና የጆሮ ጫፍ የፀሐይ ቅባት ቀቢያቸው፤ ተራ ኮፍያ እዚያ አይደርስም።