ጭነት አከፋፋይ ጋንቾ፦ ከመግዛታችሁ በፊት የጠየቃችሁኝ

ትንሽ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ስለመጎተት ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ከመጣው ውስጥ አብዛኛው ስለ አንድ ዕቃ ሆኖ ተገኘ፤ ተጎታችን ከመኪና ጋር ስለሚያያይዘው ጭነት አከፋፋይ ጋንቾ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ለዓመታት ካራቫን ስጎትት የኖርኩ፣ አንዴ ተሳስቼ ትልቁን ጋንቾ ገዝቼ ገንዘቤን ያቃጠልኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ቃል። “የአፍንጫ ክብደት” ስል የተጎታቹ ጫፍ የመኪናችሁ ቦል (ተጎታቹ የሚቆለፍበት የብረት ኳስ) ላይ ቁልቁል የሚጭነው ክብደት ማለቴ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄ ጋንቾ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው? ክብደት ይቀንሳል እንዴ?

አንድ ኪሎም አይቀንስም። ክብደቱ የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚለውጠው።

መኪናህን ድንጋይ እንደሚፈነቀልበት ፓሎ አስበው። የኋላ አክስሉ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት፣ መደገፊያው ነው። ቦሉ ከዚያ ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ተቀምጧል። ጫፉን ስትጫነው ሌላኛው ጫፍ፣ ማለትም የመኪናው ፊት፣ ይነሳል።

በቁጥር እንየው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ ቦሉ 1.2 ሜትር፣ የአፍንጫ ክብደቱ ደግሞ 250 ኪሎ ይሁን። 250ን በ1.2 አባዝተህ ለ3 ስታካፍል 100 ይመጣል። የፊት ጎማዎችህ 100 ኪሎ አጡ ማለት ነው። ያ 100 ኪሎ የትም አልጠፋም፤ ወደ ኋላ ሄዷል። ስለዚህ የኋላ አክስሉ የተጨመረበት 250 ሳይሆን 350 ኪሎ ነው።

ፊቱ ሲቀል መሪው ይላላል። የፊት ፍሬን መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የፊት መብራትህም ቀና ብሎ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል።

ጭነት አከፋፋዩ ቦሉን ከሚይዘው ራሱ ወደ ተጎታቹ ሻንሲ የሚዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት። ጫፋቸው በሰንሰለት ወይም በመደርደሪያ (ተጎታቹ ላይ የሚታሰር፣ ዘንጉ የሚያርፍበት ብረት) ወደ ላይ ይሳባል፤ ዘንጎቹም እንደ ሞላ ይጎብጣሉ። የካሪዮላ እጀታ ወደ ላይ ስታነሳ ጭነቱ ወደ ጎማው እንደሚሄደው ነው። ጭነቱ ከኋላ አክስልህ ተነስቶ፣ ከፊሉ ወደ መኪናው ፊት፣ ከፊሉ ወደ ተጎታቹ ጎማዎች ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የኔ ካራቫን ትንሽ ናት። ሙሉ ጭነቷ 1,400 ኪሎ ነው። የግድ ያስፈልገኛል?

ካራቫኗን ሳይሆን መኪናህን ጠይቅ። የአፍንጫ ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት ቢባል፣ ላንተ ከ140 እስከ 210 ኪሎ ነው። ለከባድ ፒካፕ ይሄ ምንም አይደለም። አክስሎቹ ለተቀራረቡ፣ የኋላ ሞላው ለስላሳ ለሆነ መኪና ግን ብዙ ነው።

የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ክፈት። ከሦስት አንዱን ታገኛለህ፤ ከዚህ ክብደት በላይ ተጠቀም ይልሃል፣ ወይም ይፈቅድልሃል፣ ወይም ጭራሽ ይከለክልሃል። አዎ፣ የሚከለክሉ አሉ። በተለይ ራሱን የቻለ ሻንሲ የሌላቸው አንዳንድ መኪኖች። ዘንጎቹ የሚፈጥሩት ጠምዛዛ ኃይል የጋንቾውን መያዣ ያስጨንቀዋል። “ጎረቤቴ አስገጥሞ ምንም አልሆነም” የሚለውን ተወው።

መኪናው ላይ የታሰረውን መያዣም ጎንበስ ብለህ እይ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት መስመር ተጽፏል። አንዱ ያለ አከፋፋይ የሚችለው ነው፣ ሌላው ከአከፋፋይ ጋር። ያለ አከፋፋይ የሚችለውን አልፈህ ከሆነ መልስህን አገኘህ። ደግሞ ይህን ያዝ፤ ጋንቾው የመኪናህን የመጎተት አቅም አይጨምርም። ከመኪናው፣ ከመያዣው፣ ከቦሉና ከጋንቾው ዝቅተኛው ቁጥር ነው ገዢው።

ጥያቄ፦ የዘንጉን አቅም እንዴት ልምረጥ? ሻጩ “ትልቁን ውሰድ፣ አይቆጭህም” አለኝ።

ይቆጭሃል! እኔን ቆጭቶኛል። በጣም ጠንካራ ዘንግ አይጎብጥም። ስለዚህ መንገዱ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጉድጓድ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ትመታለች። በትልቁ ዘንግ በሄድኩባቸው ጉዞዎች ካራቫኑ ውስጥ ያሉት ቁምሳጥኖች ቡሎናቸው እየላላ ሲያስቸግረኝ ነበር። ወደ ትክክለኛው ስቀይር ተወኝ። ደካማ ዘንግ ደግሞ በተቃራኒው ጭነቱን ወደ ፊት ሳይመልስ ጎብጦ ይቀራል።

ዘንጎች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በፓውንድ ነው፤ 600፣ 800፣ 1,000 እየተባለ። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ገደማ ነው። ካራቫንህ ተጭኖ 1,700 ኪሎ ቢመዝን፣ አፍንጫው 13 በመቶ ቢሆን፣ 221 ኪሎ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። ከመኪናው የኋላ አክስል በስተጀርባ የምትጭነውንም ደምር፤ የመሣሪያ ሣጥን፣ ድንኳን፣ የዕቃ ዘንቢል። 60 ኪሎ ነው እንበል። 281 ኪሎ ሆነ፣ ወደ 620 ፓውንድ። ስለዚህ 600ው አነሰህ፣ 800ውን ትወስዳለህ። 1,000 ምን ያደርግልሃል?

ስሌቱን በካራቫኑ ማስታወቂያ ላይ ባለው ባዶ ክብደት እንዳትሠራው። እሱ ያለ ውኃ፣ ያለ ዕቃ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጋዝና ያለ ባትሪ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የአፍንጫውን ክብደት ቤቴ ሆኜ እንዴት ልመዝን?

በሰው ሚዛን ይቻላል፣ ግን በቀጥታ አይደለም። አንዱን የቤታችንን ሚዛን እንዲህ ሰብሬ ከባለቤቴ ጋር ለሳምንት ተኮራርፈናል።

ጠንካራ ጣውላ አምጣ። አንዱን ጫፍ በጡብ፣ ሌላውን በሚዛኑ ላይ አስደግፍ፤ ከፍታቸው እኩል ይሁን። በሁለቱም ድጋፎች ላይ አጭር የቧንቧ ቁራጭ አድርግ፣ ጭነቱ አንድ መስመር ላይ እንዲያርፍ። በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል 90 ሳንቲሜትር ይኑር። የካራቫኑን አፍንጫ ከጡቡ በኩል 30 ሳንቲሜትር ላይ አሳርፈው። ሚዛኑ የሚያየው ሲሶውን ብቻ ነው። ባዶው ጣውላ ሚዛኑ ላይ ያሳየውን ቀንስና በ3 አባዛ። ከቀነስክ በኋላ 70 ከቀረህ አፍንጫው 210 ኪሎ ነው።

ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። ካራቫኑ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ደግሞ ለጉዞ እንደምትወጣ ተጭኖ ይሁን፣ ውኃውም ጭምር። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። 80 ሊትር ጋን ከካራቫኑ አክስል ፊት ከሆነ አፍንጫውን ያከብደዋል፣ ከኋላ ከሆነ ያቀለዋል።

የጭነት መኪና ሚዛን የምታገኝ ከሆነ ግን ጣውላውን ተወው። ሦስት ጊዜ መዝን፤ መኪናውን ብቻውን፣ ከካራቫኑ ጋር ዘንጎቹ ሳይታሰሩ፣ ከዚያ ታስረው። አክስል በአክስል። የሄደውና የተመለሰው ኪሎ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ይልልሃል።

ጥያቄ፦ የኛዋ ፍጥነት ስንጨምር ጭራዋን ትቆላለች። ይሄ ጋንቾ ያስቆማታል?

ከጋንቾው በፊት ለምን እንደምትቆላ እወቁ። ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ አፍንጫው መቅለሉ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አራት ብስክሌት የካራቫኑ መጨረሻ ላይ አስሬ ወጣሁ። ቁልቁለት ላይ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ሲያልፈኝ ካራቫኑ መኪናዬን እንደ ውሻ ጅራት ይወዘውዘው ጀመር። ስመለስ ብስክሌቶቹን መኪናው ውስጥ አስገባኋቸው። ያው ካራቫን፣ ያው መንገድ፣ ፀጥ ብሎ ተከተለኝ። ምንም ዕቃ አልገዛሁም።

መቁላት ከጀመረች እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እሷን ለማረም ግራ ቀኝ አትበሉ። የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ። ካራቫኗ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካላት በእጅ መቆጣጠሪያው የእሷን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። “ፍጥነት ብጨምር ትስተካከላለች” የሚለው ምክር ሰው ይገድላል።

ጭነቱ ከተስተካከለ በኋላ መወዛወዝ የሚገታ ጋንቾ ጥሩ ተጨማሪ ነው። ርካሹ ከጎን ለብቻው የሚገጠም፣ በመፋተግ የሚይዝ ዘንግ ነው። ይሠራል፣ ግን ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት ወርዳችሁ መፍታት አለባችሁ። በሚያንሸራትት መንገድ ላይም እንዲላላ አምራቾቹ ይመክራሉ። ዘንጎቹ ራሳቸው መደርደሪያቸው ላይ እየተፋተጉ የሚይዙበት ዓይነት አለ፤ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ድምፁ ግን ይሰማል፣ በየመታጠፊያው ሲጥ ሲጥ ይላል። ያን ጠልታችሁ መፋተጊያው ላይ ግራሶ እንዳትቀቡት። ግራሶ ለቦሉ ነው።

ጥያቄ፦ የኋላውን ከፍ የሚያደርግ የአየር ሞላ ባስገባስ? ርካሽ ነው።

የኋላው ከፍ ይላል፣ መኪናው ያምራል፣ የፊት ጎማዎች ያጡት ክብደት ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ ሰንሰለት ወይስ መደርደሪያ? ክብ ዘንግ ወይስ አራት ማዕዘን?

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቅ። ክብ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከታች ስለሚገባ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጉብታ ላይ ይነካካል። ሰንሰለት ይቀላል፣ ግን መወዛወዝን በራሱ አይገታም። ይልቅ ሜትር ይዘህ ወደ ካራቫኑ አፍንጫ ሂድ። የጋዝ ጠርሙሱና የባትሪው ሣጥን መደርደሪያው የሚታሰርበትን ቦታ ይዘውት ይሆናል። አፍንጫው እንደ ሹካ ሁለት ብረት ሳይሆን አንድ ቱቦ ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹ አይገጥሙህም። ተጎታቹ ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ካለውም ገዝተህ አትምጣ፤ ከዚያ ፍሬን ጋር የማይስማሙ ጋንቾዎች ስላሉ አምራቹ የጻፈውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ገጠሙልኝ። በትክክል መገጠሙን በምን አውቃለሁ?

በሜትር። ካራቫኑ ሳይያያዝ ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፤ 90 ሳንቲሜትር ነው እንበል። አያይዘህ፣ ዘንጎቹን ሳታስር ለካ፤ 93 ሆነ። አሁን እሰርና እንደገና ለካ። ድሮ “ወደ 90 መልሰው” ይባል ነበር። አሁን ብዙ መኪና አምራቾች የተነሳውን ግማሽ ብቻ መልስ ይላሉ፤ እዚህ 91.5 ማለት ነው። የኋላ ጎማዎች ከመጠን በላይ ከቀለሉ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ጅራቱ ይሸሻል። መመሪያህ የሚለውን ያዝ፣ ግን ከ90 በታች በፍጹም አታውርደው።

ካልደረሰ የሰንሰለቱን ቀለበት ወይም የመደርደሪያውን ከፍታ ቀይር። አሁንም ካልበቃ የጋንቾውን ራስ ወደ ኋላ አጋድለው፤ ብዙዎቹ ላይ ሮንዴላ በመጨመር ነው የሚሠራው። ስትጨርስ ካራቫኑ ሜዳ ላይ ቀጥ ማለት አለበት፤ ትንሽ አፍንጫውን ቢደፋ ግድ የለም፣ ቀና ካለ ግን ገና አልጨረስክም።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምጓዘው። ዘንጎቹን ለመሳብ የሚሰጡትን ብረት መጫን አቃተኝ። ጉልበቴ ነው ችግሩ?

የለም እህቴ፣ ክሪኩ ነው። አያያዢና ቦሉን ቆልፊው። ከዚያ በካራቫኑ አፍንጫ ላይ ባለው ክሪክ አፍንጫውንና የመኪናውን ኋላ አንድ ላይ ከፍ አድርጊያቸው። ዘንጎቹ ሲላሉ በእጅሽ ትሰኪያቸዋለሽ። ክሪኩን ስታወርጂው ራሳቸው ይወጠራሉ። በሰውነትሽ ክብደት መንጠልጠል ካስፈለገሽ ገና አልነሳም ማለት ነው፤ ጥቂት ዙር ጨምሪበት። ስትፈቺም እንዲሁ መጀመሪያ አንሺ። የተወጠረ ዘንግ ካመለጠ ብረቱ አጥንት ይሰብራል፤ ፊትሽንና ጉልበትሽን ከመንገዱ አርቂ።